31 የወጪ ማዘዣዎች፦ በአንድ አነስተኛ ድርጅት የደረሰ የኮምፒውተር ጉዳት

መነሻ

የሚከተለው ጉዳይ በጥር 2014 አዲስ አበባ ውስጥ የተፈጸመ ነው። ድርጅቱንም ሰዎቹንም በስም አልጠራም። ባለቤቱ ታሪኩ ቢጻፍ ቅር እንደማይላቸው ነግረውኛል። ያኔ ኮምፒውተሮቹን ይጠግን የነበረው ወጣት ግን ዛሬም በዚሁ ሙያ እንጀራውን ስለሚበላ ስሙ እንዲነሣ አልፈልግም።

ከዚህ የከፋ ጥፋት አይቻለሁ። ይህኛውን ለመመዝገብ ያነሣሣኝ፣ ማስጠንቀቂያው ሁለት ዓመት ሊሞላው ጥቂት እስኪቀረው ድረስ በጽሑፍ፣ በፊርማና በማኅተም ተደግፎ በአንድ ቦክስ ፋይል ውስጥ ተቀምጦ መቆየቱ ነው። ፋይሉ የጥቃቅን ወጪ ፋይል ነበር።

ድርጅቱ

ድርጅቱ ሴራሚክ፣ የመታጠቢያ ቤት ዕቃና የቧንቧ መገጣጠሚያ በጅምላም በችርቻሮም ይሸጣል። ሱቁ ተክለ ሃይማኖት አካባቢ ነው፤ ቢሮው ከሱቁ በላይ፣ መጋዘኑ ቃሊቲ። በወቅቱ 14 ሠራተኞች ነበሩት። ደረጃ ሀ ግብር ከፋይ ስለሆነ የሒሳብ መዝገብ ይይዛል፤ በየወሩ የተጨማሪ እሴት ታክስ ያሳውቃል፤ የዓመቱን ሒሳብ ደግሞ እስከ ጥቅምት 30 ያቀርባል።

ኮምፒውተሮቹ ሰባት ናቸው። ከሰባቱ አንዱ «ሰርቨር» ይባላል። ስሙ ይግዘፍ እንጂ በሒሳብ ክፍል ጠረጴዛ ሥር የተቀመጠ፣ የሠራተኛዋ እግር የሚያርፍበት ተራ ዴስክቶፕ ነው። ፒችትሪ የተባለው የሒሳብ መዝገብ መያዣ ፕሮግራም የተጫነው እርሱ ላይ ነው። የዱቤ ደንበኞች ዝርዝር፣ የዋጋ ዝርዝር፣ የደመወዝ መክፈያ፣ ሁሉም እዚያ ነበር። ሌሎቹ ኮምፒውተሮች በኔትወርክ ይገቡበታል፤ የገባ ሁሉ ማንበብም፣ መጻፍም፣ መሰረዝም ይችላል። ከጎኑ አንድ ውጫዊ ሃርድ ዲስክ ሌት ተቀን ተሰክቶ ሰማያዊ መብራቱ ብልጭ ድርግም ይላል። «ባክአፕ (መጠባበቂያ ቅጂ) ነው» ስለተባለ ማንም አይነካውም። የጽዳት ሠራተኛዋ እንኳ አቧራውን የምትጠርገው ዙሪያውን ብቻ ነበር።

ባለሙያው

ወጣቱ የባለቤቱ የቀድሞ ጎረቤት ልጅ ነው። በኮምፒውተር ጥገና ሠልጥኗል፤ ከዚህ ድርጅት ሌላ ብዙ ደንበኞች አሉት። ውል የሚባል ነገር አልነበረም። ሲጠራ ይመጣል፤ በመጣ ቁጥር 700 ብር ይከፈለዋል።

ባለቤቱን ስለ እርሱ ስጠይቃቸው መጀመሪያ የመለሱልኝ «ቶሎ ይመጣል» ብለው ነው። ቀጥለው «ትሑት ልጅ ነው፤ ሲጠሩት እምቢ አይልም» አሉ። ሁለቱም እውነት ነው፤ እኔም በኋላ አይቸዋለሁ። «ሥራውስ?» አልኳቸው። ትንሽ አሰብ አደረጉና «ያው፣ ይሠራዋል» አሉ።

ሐሙስ ጠዋት

ማክሰኞ ጥር 10 ቀን ከተራ ነበር። ሰርቨሩ ጠዋት አልነሣ አለና ወጣቱ ተጠራ። ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ ሠራተኛው ሁሉ ታቦት ሊሸኝ ወጣ፤ እርሱ ከጥበቃው ጋር ብቻውን ቀረ። የተለመደውንም አደረገ፦ ፎርማት። ሲ የሚባለውን የዲስክ ክፍል አጥፍቶ ዊንዶውስን እንደ አዲስ ጫነ፤ ዲ ላይ የነበረውን የድርጅቱን ፋይል እንዳለ ተወው። ዊንዶውሱ ፈቃድ ያለው ስላልነበረ እንዲሠራ የሚያደርግ «አክቲቬተር» ከኢንተርኔት አወረደ። ጸረ-ቫይረሱ እንዲህ ያለውን ፕሮግራም ባገኘ ቁጥር ስለሚሰርዘው አስቀድሞ አጠፋው። አሥር ሰዓት ተኩል ሲሆን ወጥቶ ሄደ፤ ከተራው ለእርሱም ከተራ ነው። ኮምፒውተሩ እንደበራ፣ ጸረ-ቫይረሱ እንደጠፋ፣ ውጫዊው ዲስክ እንደተሰካ ቀረ።

ረቡዕ ጥምቀት ስለሆነ ቢሮው ተዘግቶ ዋለ። ሐሙስ ጥር 12 ጠዋት ሒሳብ ሠራተኛዋ ፒችትሪን ብትከፍት አልከፈት አላት። የዋጋ ዝርዝሩን ሞከረች። የፋይሉ ምልክት ነጭ ወረቀት ሆኗል፤ ከስሙ በስተመጨረሻ የማታውቃቸው አራት ፊደላት ተቀጥለዋል። በየፎልደሩ ውስጥ «ሪድሚ» የሚል አንድ የጽሑፍ ፋይል ተቀምጧል። መልእክቱ አጭር ነው፦ ፋይሎቻችሁ ተቆልፈዋል፤ የመክፈቻው ዋጋ 980 ዶላር ነው፤ በ72 ሰዓት ውስጥ ካገኛችሁን በግማሽ ዋጋ፣ በ490 እንሰጣችኋለን።

ለወጣቱ ደወለች። «ምንም አትንኪ፣ መጥቼ ፎርማት አደርገዋለሁ» አላት። ባለቤቱ አጠገቧ ቆመው ይሰሙ ነበር። የደነገጡት በመልእክቱ ሳይሆን በዚህ መልስ እንደሆነ በኋላ ነግረውኛል። በወንድማቸው በኩል ወደ እኔ ደወሉ።

ምን ነበር የደረሰው?

ቫይረሱ «ስቶፕ» ወይም «ዲጃቩ» እየተባለ የሚጠራው የቤዛ ጠያቂ ዓይነት ነው። በዓለም ዙሪያ በአብዛኛው የሚይዘው የግለሰቦችንና የትንንሽ ድርጅቶችን ኮምፒውተር ሲሆን፣ የሚሰራጨውም የፈቃድ መቆለፊያቸው በተሰበረ ፕሮግራሞችና በአክቲቬተሮች ውስጥ ተደብቆ ነው። ይኸኛውም በዚያው በር ገባ። የኢንተርኔት አሳሹ የማውረጃ መዝገብ አክቲቬተሩ ማክሰኞ 10 ሰዓት ከ10 ላይ መውረዱን ያሳያል። የመጀመሪያው ፋይል የተቆለፈው 10 ሰዓት ከ50 ላይ ነው፤ ወጣቱ በሩን ዘግቶ ከወጣ ከ20 ደቂቃ በኋላ።

ይህ ቫይረስ ሲነሣ ከጌቶቹ ጋር በኢንተርኔት ለመገናኘት ይሞክራል። ከተገናኘ ለዚያ ኮምፒውተር ብቻ የሚሆን ልዩ ቁልፍ ይሰጠዋል። ካልተገናኘ አብሮት የመጣውን የጋራ ቁልፍ ይጠቀማል፤ የጋራ ቁልፍ አንዳንድ ጊዜ በባለሙያዎች እጅ ስለሚገባ ፋይሉን በነፃ መፍቻ የመክፈት ዕድል አለ። የትኛው እንደሆነ መልእክቱ ሥር ከተጻፈው መለያ ይታወቃል፦ መጨረሻው «ቲ1» ከሆነ የጋራው ቁልፍ ነው። የእኛ አልነበረም። በሳምንት ሦስት ቀን የሚቆራረጠው የዚያ ሕንፃ ኢንተርኔት ያን ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ አንዴም ሳይቋረጥ ውሏል። በሕይወቴ ኔትወርክ በጠፋ ኖሮ ብዬ የተመኘሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

ወደ ውጫዊው ዲስክም ሄድኩ። ተሰክቶ ስለነበር አብሮ ተቆልፏል፤ ይህን ጠብቄዋለሁ። ያልጠበቅኩት የፋይሎቹን ቀን ነው። የመጨረሻው ቅጂ የተወሰደው ሐምሌ 6 ቀን 2013 ነበር። ቫይረሱ ባይመጣ እንኳ በዚያ ዲስክ ላይ ከስድስት ወር ወዲህ ምንም አዲስ ነገር አልነበረም፤ መብራቱ ግን ብልጭ ድርግም ማለቱን አላቋረጠም።

የጥቃቅን ወጪ ፋይል

ቅጂው ለምን ሐምሌ ላይ እንደቆመ ወጣቱ አላስታወሰም። የሚያስታውስ ወረቀት ይኖር እንደሆነ ሒሳብ ሠራተኛዋን ጠየቅኳት። ከመደርደሪያው አንድ ጥቁር ቦክስ ፋይል አውርዳ፣ «ለእርሱ የተከፈለው ሁሉ እዚህ አለ» አለችኝ።

ከመጋቢት 2012 እስከ ታኅሣሥ 2014፣ በ22 ወራት ውስጥ፣ 31 የወጪ ማዘዣዎች ነበሩ። እያንዳንዳቸው 700 ብር፣ በድምሩ 21,700 ብር። የማክሰኞው 32ኛ መሆኑ ነው፤ ገና አልተወራረደም። በእያንዳንዱ ላይ «የክፍያው ምክንያት» በሚለው መስመር በሠራተኛዋ የእጅ ጽሑፍ ጥቂት ቃላት ሰፍረዋል። ሁለታችን ጠረጴዛ ላይ እንደ ካርታ ደረደርናቸው።

13ቱ «ኮምፒውተር ፎርማት» ይላሉ። ከእነዚህ ሰባቱ የአንድ ኮምፒውተር፣ የገንዘብ ተቀባይዋ ናቸው። ሦስቱ የሰርቨሩ ናቸው፤ ከሦስቱ አንዱ ሐምሌ 7 ቀን 2013 ይላል። ቅጂው በቆመ ማግስት ማለት ነው። ነገሩ ያኔ ገባኝ። ቅጂውን በየማታው የሚያስጀምረው ትእዛዝ የተቀመጠው ሲ ላይ ነበር፤ ፎርማቱ ትእዛዙን አብሮ አጠፋው፤ እንደገና ያስገባ ሰው አልነበረም፤ ከዚያ ወዲህ ዲስኩን ከፍቶ ያየም አልነበረም።

ስድስት ማዘዣዎች «ቫይረስ ማጽዳት» ይላሉ። አምስቱ «ኔትወርክ ማስተካከል»፣ አራቱ «ፕሪንተር»፣ የቀሩት ሦስቱ ልዩ ልዩ። ከአምስቱ የኔትወርክ ጥሪዎች አራቱ የመጡት መብራት ሄዶ በተመለሰ ዕለት እንደሆነ ሠራተኛዋ አረጋገጠችልኝ። ኮምፒውተሮቹን የሚያገናኘው ማከፋፈያ በቀጥታ ግድግዳው ላይ ተሰክቷል። መብራት ሲሄድ በባትሪ የሚያቆይ ዩፒኤስ ነበረ፤ ባትሪው ከሞተ ቆይቷል። ባትሪው ሲሞት ዩፒኤሱ ቀኑን ሙሉ ይጮህ ነበር። ሠራተኞቹ ጩኸቱ አሰለቸን ብለው ወጣቱን ጠሩት፤ እርሱም ከፍቶ የድምፅ ማውጫዋን ነቀላት። ለዚህም 700 ብር ተከፍሏል፤ ማዘዣው «ዩፒኤስ ጥገና» ይላል።

የገንዘብ ተቀባይዋን ኮምፒውተር ከፍቼ የሃርድ ዲስኩን የጤና መረጃ አየሁ። ዲስኩ እየሞተ ነበር፤ የተበላሹት ክፍሎቹ በብዙ መቶ ይቆጠራሉ። ፎርማት ሲደረግ ዊንዶውሱ ከተበላሹት ራቅ ብሎ ይቀመጥና ለአንድ ሁለት ወር ይሠራል፤ ብልሽቱ ሲደርስበት እንደገና ይቆማል። ሰባት ጊዜ 700 ብር 4,900 ብር ነው። በወቅቱ ኤስኤስዲ የሚባለው አዲስ ዲስክ ከ3,000 ብር በታች ይገዛ ነበር።

ከባለቤቱ ጋር ማዘዣዎቹን እንደገና ስናይ ለረጅም ጊዜ ዝም አሉ። ሠላሳ አንዱንም የፈረሙት እርሳቸው ናቸው።

የተወሰዱ እርምጃዎች

መጀመሪያ ያደረግነው ፎርማቱን ማስቆም ነው። የሁሉንም ኮምፒውተር የኔትወርክ ገመድ ነቀልን፤ ውጫዊውን ዲስክ አወጣን፤ የሰርቨሩን ሃርድ ዲስክ ፈትተን በፖስታ አሽገን ቀን ጻፍንበት። ሥራው የሚቀጥለው በአዲስ ዲስክ ላይ ነው። እንዲህ ያለ ቫይረስ ብዙ ጊዜ የይለፍ ቃል የሚሰርቅ ሌላ ፕሮግራም ይዞ ስለሚመጣ የኢሜይሉን፣ የባንኩንና የግብር ማሳወቂያውን የይለፍ ቃላት በዚያው ቀን ከስልክ ቀየርን።

ኢሜይሉ ላይ አንድ ሌላ ነገር ብቅ አለ። ለመቀየር ስንሞክር ማረጋገጫው ወደ ወጣቱ ስልክ ሄደ። የድርጅቱን ኢሜይል የከፈተው እርሱ ነበር፤ ያስመዘገበውም የራሱን ቁጥር ነው። የራውተሩም፣ የደኅንነት ካሜራውም ዋና የይለፍ ቃል እርሱ ጋር ብቻ ነበር። ባለቤቱ ያን ጠዋት ሊያባርሩት ተነሥተው ነበርና ለመንኳቸው፤ ቁልፉን ሳይረከቡ ቁልፍ ያዡን ማባረር አይሆንም። ወጣቱ ከሰዓት በኋላ መጣ። ሻይ አስመጣንና ያለውን ሁሉ በአንድ ወረቀት ላይ አስጻፍነው፤ 11 መስመር ሆነ። ሳያንገራግር ሰጠን። ልቡ ውስጥ ተንኮል አልነበረም።

በዚያ ሻይ ላይ የተናገረው አንድ ነገር ግን እስካሁን ጆሮዬ ላይ አለ። ባለቤቱ «ለምንድን ነው ይህን ሁሉ ጊዜ ቀድመህ ያልነገርከኝ?» አሉት። አንገቱን ደፍቶ፣ «ጋሼ፣ ሳይበላሽ ና ብሎኝ የሚያውቅ ሰው የለም» አላቸው። እውነቱን ነው። የሚከፈለው ሲበላሽ ብቻ ነው፤ ምንም ያልተበላሸበት ወር ለእርሱ ባዶ ወር ነው። ይህን የክፍያ ሥርዓት ያወጣው እርሱ አልነበረም።

ገንዘቡን እንክፈል ወይስ አንክፈል የሚለው ሁለት ቀን አከራከረን። 490 ዶላር በወቅቱ የባንክ ምንዛሪ 24 ሺህ ብር ያህል ነበር፤ ለአንድ ሽያጭ የሚሰጡት የዱቤ መጠን ነው። የባለቤቱ ወንድም «ይከፈልና ይገላገሉ» ባይ ነበሩ። እኔ ተቃወምኩ። ክፍያው የሚጠየቀው ሊመለስ በማይችል መንገድ ነው፤ ከፍለው ያላገኙ አሉ፤ 72 ሰዓት የሚለውም ሰው ቁጭ ብሎ እንዳያስብ የተቀመጠ ነው። ሆኖም ሌላ መንገድ ባይገኝ ኖሮ ይከፍሉ እንደነበር አልጠራጠርም፤ እኔም አልፈርድባቸውም ነበር።

ሌላው መንገድ ዓርብ ዕለት ተገኘ። የዓመቱን ሒሳብ የሚሠሩላቸው የውጭ ሒሳብ አዋቂ ሪፖርቱን ለማዘጋጀት ጥቅምት 12 ቀን የፒችትሪውን ቅጂ በፍላሽ ወስደው ነበር። ሥራቸውን ሲጨርሱ አላጠፉትም። ፍላሹ ከመኪናቸው ኪስ ውስጥ፣ ከቤንዚን ደረሰኞች መካከል ወጣ። ከጥቅምት 13 እስከ ጥር 9 ያለው ሦስት ወር ሊሞላ ጥቂት የቀረው ሥራ ግን ከወረቀት እንደገና መግባት ነበረበት። የታኅሣሥ ወር የተጨማሪ እሴት ታክስ ማሳወቂያ እስከ ጥር 30 መድረስ አለበት።

ወረቀቱ አዳነን። የሽያጭ መመዝገቢያ መሣሪያዎቹ የየራሳቸው ማኅደረ ትውስታ ስላላቸው የየቀኑ ዜድ ሪፖርት፣ ማለትም የዕለቱ ሽያጭ ማጠቃለያ፣ ሙሉ ነበር። የሽያጭ ጥራዞቹም ተሟልተው ተገኙ። ሦስት ሰዎች ከሥራ ሰዓት በኋላ እየቆዩ 1,900 ያህል ደረሰኞችን በ19 ቀን አስገቡ።

መጋዘኑን ያዳኑት የቃሊቲው ኃላፊ ናቸው። ዕድሜያቸው ወደ ስድሳ ይጠጋል። ወጣቱ ከአንድ ዓመት በፊት «ሁሉም ኮምፒውተር ላይ አለ፣ አይልፉ» ብሏቸው ነበር። እርሳቸው ግን በእያንዳንዱ የሴራሚክ ድርድር ፊት፣ ምስማር ላይ በተንጠለጠለ ቢን ካርድ፣ በገመድ በታሰረ እስክሪብቶ፣ የገባውንና የወጣውን ካርቶን መጻፋቸውን አላቆሙም። ለምን እንዳላቆሙ ስጠይቃቸው፣ «መብራት ሲሄድ ሴራሚኩ አይሄድማ» አሉኝ። የቆጠራው ልዩነት ስድስት ካርቶን ብቻ ሆነ።

ያልተሳካው

የተቆለፉትን ፋይሎች ለመፍታት ያደረግነው ሙከራ ሁሉ ከንቱ ነበር ማለት ይቻላል። ቫይረሱ ለፍጥነት ሲል የእያንዳንዱን ፋይል የመጀመሪያ 150 ኪሎባይት ያህል ብቻ ስለሚቆልፍ ትልልቅ ቪዲዮዎችን መጠገን ይቻላል። ለሒሳብ ፋይሎች ግን አይረዳም። በመጨረሻ ያተረፍነው ሱቁ የተመረቀበትን ዕለት ቪዲዮ ነው። ባለቤቱ አይተው ሳቁ፤ ሳቃቸው የደስታ አልነበረም።

በወጣቱ ምትክ በእኔ ምክር የተቀጠረው የጥገና ድርጅትም አልሆነም። ይህ የእኔ ስሕተት ነው። ውሉ ባለ ስድስት ገጽ፣ ማኅተሙ ያማረ፣ በወር አራት ጉብኝት የሚል ነበር። አራቱም ጉብኝት በየወሩ ተደረገ፤ በመጣ ቁጥር ግን የሚመጣው ሌላ ሰው ነው። እያንዳንዱም በሩ ላይ ቆሞ «ሰርቨሩ የት ነው?» ይላል። ጉብኝት ቆጠርን፤ ውጤት አልቆጠርንም። በአምስተኛው ወር ውሉ ተቋረጠ።

መጠባበቂያ ቅጂውን በኢንተርኔት ወደ ውጭ ለመላክ ያቀድነውም መጀመሪያ አልሠራም። ሙሉውን ፎልደር በየማታው እንዲልክ አድርጌ ነበር፤ ኢንተርኔቱ ወደ ላይ የሚልክበት አቅም ዝቅተኛ፣ መብራቱም የሚቆራረጥ ስለሆነ ጠዋት ሁልጊዜ ግማሽ መንገድ ላይ ቆሞ እናገኘዋለን። አሁን በየማታው የሚሄደው የፒችትሪው ቅጂ ብቻ ነው፤ መጠኑ ትንሽ ስለሆነ ይደርሳል።

ሁለት ውጫዊ ዲስኮች እየተፈራረቁ አንዱ ሁልጊዜ ከቢሮ ውጭ እንዲያድር ወሰንን። በሦስተኛው ሳምንት ሁለቱም ቢሮ ውስጥ ጎን ለጎን ተሰክተው አገኘኋቸው። ማስታወሻ ለጠፍን፤ ማስታወሻው ወደቀ። መፍትሔውን ያመጣችው ሒሳብ ሠራተኛዋ ናት። ቅዳሜ የቃሊቲውን መጋዘን ቁልፍ ፈርሞ የሚወስደው ሾፌር ዲስኩንም በዚያው ደብተር ላይ ፈርሞ ይወስዳል፤ ሰኞ ሌላውን ይመልሳል። የቁልፉ ደብተር ከተጀመረ ስምንት ዓመት ሆኖታል፤ አንድም ቅዳሜ አልተዘለለም። አዲስ ልማድ ከመፍጠር በነበረው ልማድ ላይ መጫን ቀላል እንደሆነ ከእርሷ ተማርኩ።

ለሌላ ድርጅት የሚሆነው

ከዚህ ጉዳይ ወዲህ ወደ አንድ ድርጅት ስጠራ ኮምፒውተሩን ከማየቴ በፊት የጥገና ወጪዎችን ፋይል እጠይቃለሁ። በአንድ ዓመት ውስጥ ያሉትን ማዘዣዎች ደርድሮ ማየት ግማሽ ሰዓት አይፈጅም፤ የኮምፒውተር ዕውቀትም አይጠይቅም። ያው ቃል ለዚያው ዕቃ ሦስት ጊዜ ከተጻፈ ባለሙያው ምልክቱን እያከመ ምክንያቱን እየተወ ነው። ፎርማት በራሱ ኃጢአት የለበትም፤ አንዳንዴ ትክክለኛው ሥራ እርሱ ነው። ነገር ግን ፎርማት የብልሽቱን ማስረጃም አብሮ ያጠፋል። ስለዚህ ከፎርማት በፊት «ምክንያቱ ምንድን ነው?» ተብሎ መጠየቅ፣ መልሱም ማዘዣው ላይ መጻፍ አለበት። በዚህ ድርጅት ዛሬ «የክፍያው ምክንያት» ከሚለው መስመር ሥር «የብልሽቱ ምክንያት» የሚል ሌላ መስመር ተጨምሯል። ባዶ ከሆነ አይከፈልም።

«ባክአፕ አለ» የሚል ቃል ዋጋ የለውም። ባለቤቱ ማድረግ ያለባቸው ባለሙያውን አስቀምጠው «ያለፈው ማክሰኞ የሸጥነውን ከቅጂው ላይ ክፈትና አሳየኝ» ማለት ነው። ማሳየት ከተሳነው፣ ወይም «ነገ» ካለ፣ ቅጂ የለም ማለት ነው። ዘወትር ተሰክቶ የሚኖር ዲስክም እንደ ቅጂ አይቆጠርም፤ ኮምፒውተሩን ያገኘ ነገር ሁሉ እርሱንም ያገኘዋል።

ጸረ-ቫይረሱ ወይም የዊንዶውሱ ማደሻ ጠፍቶ ከተገኘ ማን እንዳጠፋው መጠየቅ ይገባል። ብዙ ጊዜ የሚሰጠው ምክንያት «ዳታ ይበላል» ወይም «ያዘገያል» ነው። ከጀርባው ያለው አብዛኛውን ጊዜ ፈቃድ የሌለው ፕሮግራም ነው። ለሁሉም ፕሮግራም ፈቃድ ይገዛ ማለት በእኛ አገር ዋጋና የውጭ ምንዛሪ ሁኔታ ቀላል ምክር እንዳልሆነ አውቃለሁ። ቢያንስ ሒሳቡ የሚያርፍበት አንዱ ኮምፒውተር ንጹሕ ይሁን፤ ይህ ድርጅትም የገዛው ለዚያ አንዱ ነው።

የይለፍ ቃልን በተመለከተ ጥያቄው አንድ ነው፦ ባለሙያው ነገ አገር ቢለቅ ኢሜይላችንን መክፈት እንችላለን? እነዚያ 11 መስመሮች አሁን በታሸገ ፖስታ በባለቤቱ ካዝና ውስጥ አሉ።

የአከፋፈሉም ነገር አለ። አሁን የምትሠራላቸው ባለሙያ ብቻዋን የምትሠራ ሴት ናት። ብትመጣም ባትመጣም ወርኃዊ ክፍያዋ ያው ነው፤ መጀመሪያ ሲስማሙ 4,500 ብር ነበር። የድሮው ሲካፈል በወር 1,000 ብር አይሞላም ነበርና ባለቤቱ ለመቀበል ሁለት ወር ወስዶባቸዋል። «ቁጭ ብላ ልከፍላት ነው?» አሉኝ። አዎ፣ ቁጭ ብላ። ምንም ሳይበላሽ የሚያልፈው ወር አሁን ለእርሷም ጥሩ ወር ነው። የስምምነታቸው ወረቀት አንድ ገጽ ናት፤ በየወሩ አንድ ፋይል ከቅጂው ላይ በባለቤቱ ፊት መክፈት፣ የተሠራውን በደብተር መጻፍ፣ ሊመጣ ያለውን ወጪ አስቀድሞ መናገር። ዊንዶውስ 10 ድጋፉ ጥቅምት 4 ቀን 2018 እንደሚያበቃ፣ ሦስቱ ኮምፒውተሮች ደግሞ አዲሱን ዊንዶውስ እንደማይቀበሉ የነገረቻቸው በሚያዝያ 2017 ነው። ሦስቱም ቀኑ ሳይደርስ ተተኩ።

የቀረው

ያልዳነ ነገር አለ። ከጥቅምት ወዲህ በዱቤ የወሰዱ 41 ደንበኞች ነበሩ። የዱቤ ሽያጭ ደረሰኙ ቢኖርም ደንበኛው በየመሐሉ የከፈለው የተመዘገበው ኮምፒውተሩ ላይ ብቻ ስለነበር ለእያንዳንዱ መደወል ግድ ሆነ። 29ኙ በስልክ የነገሩን ቁጥር ከባንክ ደብተሩ ጋር ገጠመ። ዘጠኙ ደረሰኛቸውን ይዘው መጡ፤ አንድ የሕንፃ ተቋራጭ እንዲያውም «እናንተ ከምትሉት 12,000 ብር ይበልጣል» ብለው ልዩነቱን እዚያው ከፍለው ሄዱ።

ሦስቱ አልተስማሙም። በእኛ ግምት የቀረባቸው ዕዳ 74,600 ብር ነው፤ እነርሱ በእጅ ከፍለናል ይላሉ። ማስረጃ ስለሌለ ክስ አልተመሠረተም። ባለቤቱ ገንዘቡን ከመዝገብ አልሰረዙትም። ከሦስቱ አንዱ አሁንም በሱቁ ፊት ያልፋል፤ ሰላምታ ይለዋወጣሉ።